ኖትፓድ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ፣ ጽሑፍ ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በ1941 የታተመ አዲስ ዘመን ጋዜጣና በ2001 በኮምፒዩተር የተለቀመ የተማሪዎች መጽሔት ቢቀርቡላችሁ፣ የቱን ማንበብ ይቀላል? (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «አዲሱን ነዋ! ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አዲስ ዘመኑን ለማንበብ ወመዘክር መሄድ፣ ጥራዙን ማስወጣትና አቧራውን እፍ ማለት ይበቃል። ወረቀቱ ቢጫ ይሁን እንጂ ሀ ያው ሀ ነው፣ ለም ያው ለ ነው። የ2001ዱ መጽሔት ግን ወረቀቱ ጠፍቶ ፋይሉ ብቻ ከተረፈ፣ ስትከፍቱት የሚጠብቃችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፐርሰንትና የዶላር ምልክት የተደበላለቀበት ጉድ ሊሆን ይችላል።

ይሄ በወሬ የሰማሁት አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር የክፍላችንን የቀድሞ ቡለቲኖች በተመለከተ አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት አንድ ሲዲ ተሰጥቶኝ ነበር። ግማሾቹ ፋይሎች የፔጅሜከር ስለሆኑ የሚከፍታቸው ኮምፒዩተር አልተገኘም። ግማሾቹ በዎርድ ተከፈቱ፤ ነገር ግን ከአርእስት እስከ መጨረሻው አንድም የአማርኛ ፊደል የላቸውም። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ልጄ፣ ፎንቱ ያለው አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ነው» ተባልኩ። «አሮጌው ኮምፒዩተርስ የት አለ?» ብል «ተወግዷል» ሆነ መልሱ። ከእኛ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ያሰቡትና የተከራከሩበት ሁሉ ከአንድ ማሽን ጋር አብሮ ተወገደ ማለት ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የሲዲው አይደለም። ጽሑፍና የጽሑፍ መልክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን መልኩን ስናስቀምጥ ጽሑፉን ያስቀመጥን ይመስለናል። ዛሬ ማለት የምፈልገው ይህንኑ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነህ ስለ ሶፍትዌር ምን አገባህ?» የሚለኝ ካለ፣ መልሴ አጭር ነው፤ የአናጺ መዶሻ አናጺውን እንደሚያገባው ሁሉ እኔንም ያገባኛል።

የፕሮግራመሮች ጠብ

ከዶርሜ ልጆች አንዱ ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው የሚማረው። ይሄ ልጅ ስለ ሶፍትዌር አስተያየቱ አያልቅም። ዎርድን አይወድም። ዴስክቶፑ ላይ አንድም ፋይል አይተውም። ኮድ የሚጽፈው በቪም ነው፤ ጓደኛው ደግሞ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ። ሁለቱ ሲገናኙ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች በሉኝ! «ማውዝ መንካት ጊዜ ማባከን ነው» ይላል አንዱ፤ «አንተ ከፕሮግራሙ ለመውጣት ራሱ መጽሐፍ ያስፈልግሃል» ይላል ሌላው።

ይሄ ጠብ አሮጌ ጠብ ነው። የቪም አባት የሆነው ቪአይና ኢማክስ የሚባለው ተቀናቃኙ ሁለቱም ሥራቸው የተጀመረው በ1976 ነው። ያኔ የጀመረው ክርክር ዛሬም አልበረደም። በመሀል ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በ2003 መጣ፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በ2015 መጣ። እያንዳንዱ የራሱ ደጋፊና የራሱ ተሳዳቢ አለው።

እኔን የገረመኝ ግን ጠቡ ሳይሆን ስምምነቱ ነው። የዶርሜ ልጅ በቪም የጻፈውን ጓደኛው በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ይከፍተዋል። ያንኑ ፋይል እኔ በተራ ኖትፓድ እከፍተዋለሁ። አንድ ፊደል አይጠፋም። ከ40 ዓመት በፊት የተጻፈ ኮድም እንደዚሁ ይነበባል። ለምን ቢሉ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ነው። የፊደሉ ቀለም፣ መጠኑና ዓይነቱ የሚያነበው ሰው ጉዳይ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

ልብ በሉ! ፕሮግራመሮች በመሣሪያ ይጣላሉ፣ በፋይል ግን ይስማማሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆንን። ሁላችንም አንድ ዎርድ፣ አንድ ፔጅሜከር ይዘን በመሣሪያ ተስማማን፤ በፋይሉ ግን ሳንግባባ ቀረን።

256 ቦታና የእኛ ፊደል

እንዴት እዚህ ደረስን? ፊደላችንን ለእንግሊዝኛ በተሠራ ማሽን ላይ የማስገባት ትግል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በታይፕራይተሩ ዘመን እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ደክመውበታል። በኮምፒዩተሩ ዘመን ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የየበኩላቸውን ሠርተዋል። ክብር ይገባቸዋል።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ምልክት ነው፤ ከዚያም ላይ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ቦታዎች ይቀነሳሉ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹን እነ ቋን፣ ቧን፣ ሟን ጨምሩ። የግዕዝ ቁጥሮችን ጨምሩ። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላና ድርብ ሰረዝ ጨምሩ። አይበቃም!

ስለዚህ ብልሃት ተፈጠረ። ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች በተያዘው ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል ምስል ተቀመጠ፤ ያልበቃውም ወደ ሁለተኛ ፎንት ተሻገረ። ለዓይን አማርኛ ነው። ለማሽኑ ግን አሁንም የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የለበሰው ልብስ ብቻ ነው የአማርኛ። ልብሱ፣ ማለትም ፎንቱ፣ ሲወልቅ ከሥሩ ያው የፈረንጅ ፊደል ብቅ ይላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን የደረደረው በራሱ መንገድ መሆኑ ነው። በአንዱ ፎንት «በ» የሆነው በሌላው ፎንት «ጠ» ሊሆን ይችላል።

እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በዚያ ዘመን ያገለገሉትን አገልግሎት ማንም አይክድም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ስንትና ስንት ጋዜጣ፣ የመንግሥት ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ በእጅ ይቀር ነበር። የዘመኑ መፍትሔ ነበሩ፤ በኋላም ዩኒኮድን ይዘው የመጡ አሉ። ጥያቄዬ ከእነሱ ጋር አይደለም። ዘመኑ ካለፈ በኋላም በድሮው መንገድ ከምንጽፈው ከእኛ ጋር ነው።

ፊደላችን ቁጥር ካገኘ ቆየ

ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ሐሳቡ ቀላል ነው። በዓለም ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይጋራው ቁጥር መስጠት ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ፕሮግራመሮች በሚጠቀሙበት የቁጥር አጻጻፍ ሀ 1200 ነው፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218። በየፊደሉ መካከል ስምንት ስምንት ቦታ አለ፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው በአብዛኛው እንደ ሏ ላሉት ዲቃላዎች። የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ገበታ እንዳለ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ ማለት ነው!

ዊንዶውስም ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጥቷል። ኪማን የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ደግሞ በድምፅ እንደለመድነው እንድንጽፍ ያስችለናል። ስልካችን ላይማ ሌላ ነገር የለም፤ ቴሌግራም ላይ «ደህና አደርሽ?» ብሎ የሚልክ ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው ዩኒኮድ ይጽፋል።

አሁን አስቂኙን ነገር ልንገራችሁ። ተማሪው ጽሑፉን በስልኩ ይጽፋል፤ ንጹሕ ዩኒኮድ ነው። ከዚያ ግቢው በር ላይ ወዳለው ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ይወስደዋል። እዚያ በድሮው ፎንት እንደ አዲስ ይለቀማል። ያ የተለቀመው ታትሞ ይወጣና «ዋናው ቅጂ» ተብሎ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ የትኛው ይነበባል? ለጓደኛው በቴሌግራም የላከው! «ዋናው» የተባለው ቁልፉ የጠፋበት ሣጥን ይሆናል።

ሁለት ነጥብ ሲደመር ሁለት ነጥብ አራት ነጥብ አይሆንም

«እኔ በዩኒኮድ ነው የምጽፈው፣ አይመለከተኝም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ትንሽ ቆዩ።

አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር አለው፤ 1362። ሁለት ነጥብም የራሱ አለው፤ 1361። ብዙዎቻችን ግን አራት ነጥብ ስንፈልግ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እንመታለን። ለዓይን ልዩነት የለውም። ለማሽኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ለዚህ ነው አንዳንዴ ግማሹ አራት ነጥብ በመስመሩ መጨረሻ ቀርቶ ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ የምታገኙት። ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር፣ ጽሑፍ የሚያነብ ወይም የሚተረጉም ፕሮግራምም በዚሁ ይሳሳታል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። እንዴት መጻፍ አለበት የሚለውን ለአማርኛ መምህራኖቻችን እተዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ፍለጋ ነው። ሠ 1220 ነው፣ ሰ 1230፤ ጸ 1338 ነው፣ ፀ 1340። እኛ አንድ ድምፅ እንሰማለን፣ ማሽኑ ሁለት ቁጥር ያያል። ስለዚህ «ፀሐይ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ጸሐይ» ብሎ የጻፈውን ሰው ጽሑፍ አታገኙትም። ቅድም ያነሳሁት ኢማክስ ውስጥ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተደረደረበት አንድ ፋይል አለ። አማርኛም አለበት፤ ደስ ይላል። የተጻፈው ግን በንጉሡ ሠ «ሠላም» ተብሎ ነው። በእሳቱ ሰ «ሰላም» ብሎ የሚፈልግ ሐበሻ የገዛ ቋንቋውን ሳያገኝ ይመለሳል!

ለጋዜጠኛ ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ከሦስት ዓመት በፊት የተናገረውን መፈለግ ሥራችን ነው። ስሙ ኃይሌ ከሆነ አንዱ ዘጋቢ «ሃይሌ»፣ ሌላው «ኃይሌ»፣ ሦስተኛው «ሀይሌ» ብሎታል። አንዱን ብቻ ፈልገን «እንዲህ ብሎ አያውቅም» ብለን ብንጽፍ፣ ስህተቱ የእኛ ስም ሥር ይታተማል።

ለዚህ ፕሮግራመሮች መላ አላቸው፤ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይሉታል። በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የፍለጋ መስኮት ላይ ይህንን ዘዴ መርጣችሁ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሌ ብላችሁ ጻፉ። «በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱን ካገኘህ፣ ቀጥሎም ይሌ ካለ አምጣልኝ» ማለት ነው። ሁሉም አጻጻፍ በአንዴ ይመጣል። ለመማር አንድ ከሰዓት ይበቃል። ፕሮግራሙም ነፃ ነው። ልብ በሉ ታዲያ፤ ይሄ ሁሉ የሚሠራው ጽሑፉ በዩኒኮድ ከተጻፈ ብቻ ነው። በድሮ ፎንት የተጻፈውንማ ማን ይፈልገዋል?

የሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «የድሮዎቹ ፎንቶች ያምራሉ፤ የዩኒኮዶቹ ግን ለጋዜጣ አይሆኑም» ይባላል። ይሄ በአንድ ወቅት እውነትነት ነበረው። ዛሬ ግን ጥሩ ጥሩ የዩኒኮድ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፤ አቢሲኒካ አለ፣ የጉግል ኖቶ ቤተሰብ አለ። ፔጅሜከር ደግሞ የመጨረሻ እትሙ በ2001 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ቆሟል። የዛሬው ኢንዲዛይን ዩኒኮድ ይቀበላል።

ሁለተኛ፣ «ፋይሉ ይከብዳል» ይባላል። እስቲ እናስላው። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ሁለት ሺ ቃል ያለው ጽሑፍ፣ አንዱ ቃል በአማካይ አምስት ፊደል ቢኖረው፣ 30 ሺ ባይት ገደማ ነው። በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ሚሊዮኖች ባይት ይወስዳል። የአንድ ዓመት ቡለቲን በሙሉ ከአንድ ሰልፊ አይበልጥም!

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል። ግቢው በር ላይ ያሉት የጽሕፈት ቤት እህቶቻችን የድሮውን የኪቦርድ አቀማመጥ ለምደዋል። እኔ አንድ መስመር ስጽፍ እነሱ አንድ ገጽ ይጨርሳሉ። አንዷን ስጠይቃት «የኔ ወንድም፣ እጄ ነው የሚያውቀው፣ እኔ አላውቀውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እጅ የሚያውቀውን ነገር «ተዪው» ማለት እንጀራዋን መንካት ነው። ስለዚህ እነሱን መውቀስ ትክክል አይደለም። ለቃሚ የሚለቅመው ደንበኛ በጠየቀው መንገድ ነው፤ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ጽሑፉን ቀድመን በዩኒኮድ አምጥተን ቅርጹን ብቻ ቢያበጁልን ለእነሱም ሥራ ይቀላል። ሂሳቡንም በዚያው መነጋገር ይቻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ክፍላችን ኮሚቴ ያቋቁም፣ በጀት ይያዝ አልልም። የምጠይቀው አራት ትንንሽ ነገሮችን ነው።

መጀመሪያ፣ የኖትፓድ ፈተና ይደረግ። ማንኛውም ለቡለቲኑ የሚቀርብ ጽሑፍ ከዎርድ ላይ ኮፒ ተደርጎ ኖትፓድ ላይ ይለጠፍ። አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ አለፈ። ወደ ፈረንጅ ፊደል ከተለወጠ ለጸሐፊው ይመለስ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ቡለቲኑ ሲታተም ከተዋበው ቅጂ ጎን እያንዳንዱ ጽሑፍ ያለ ምንም ጌጥ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። የፋይሉ ስምም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» መሆኑ ቀርቶ ቀኑና አርእስቱ ይሁን። ፕሮግራመሮች ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚመዘግቡበት ከ2005 ጀምሮ ያለ ጊት የሚባል መሣሪያ አላቸው። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም፤ ቀኑን መጻፍ ግን አያቅተንም።

ሦስተኛ፣ አርታኢዎች አራት ነጥብን አንድ ያድርጉልን። «ፈልገህ ተካ» የሚለውን ተጠቅሞ ጥንድ ሁለት ነጥቦችን በሙሉ በአንድ አራት ነጥብ መተካት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ የድሮዎቹ ፋይሎች አይጣሉ! የማይነበብ ፋይል የሞተ ፋይል አይደለም። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከታወቀ፣ የፎንቱን ፊደል ከዩኒኮዱ ፊደል ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ መመለስ ይቻላል። ከሁለት መቶ ጥቂት የሚበልጥ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ነው። ፎንቱ ስለጠፋ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ካልታወቀ ደግሞ፣ ከታተመው ወረቀት አንድ ገጽ ከተገኘ ፋይሉን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ይቻላል። የዶርሜን ልጅ አማክሬዋለሁ፤ «የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው» ብሏል። እኔም ፓይተን እየሞካከርኩ ስለሆነ አግዘዋለሁ። የቀድሞ እትሞች በእጃችሁ ያሉ መምህራንና ተመራቂዎች አንድ አንድ ገጽ ብታውሱን ሥራውን በዚህ ሴሚስተር እንጀምራለን።

እኛ የምንማረው የዛሬን ነገር ለነገ ሰው የማስተላለፍ ሙያ ነው። ዛሬ የምንጽፈውን የዛሬ 20 ዓመት እዚህ ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ ሊያነበው ይገባል። ሊስማማ፣ ሊቃወም፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ሊል ይችላል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ፊደሉ ሊታየው ይገባል።

ቸር እንሰንብት!